የዛብ ታሪክ፤ ፈረስ ለመግራት ስንት ዓመት ይበቃል?

በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተፋፍገን ካውቦይ ፊልም እያየን ያደግን ልጆች ነን። ሽጉጥ ከአፎቱ እንዴት እንደሚመዘዝ፣ ባርኔጣ ወደ ግንባር እንዴት እንደሚደፋ፣ ክብሪት በጫማ ሶል እንዴት እንደሚጫር፣ ሁሉንም ተምረናል። ከዚያ ሁሉ ፊልም ውስጥ ግን አንድ ዋና ተዋናይ ሳናየው አለፈ፤ ፈረሱ። ሰውየው በአንድ እጁ ሽጉጡን አነጣጥሮ፣ በሌላው ዛቡን እንደ ዋዛ አንጠልጥሎ ሽምጥ ሲመጣ፣ ያ ፈረስ ምኑን ሰምቶ ቆመ? ማን አስተማረው? ስንት ዓመትስ ፈጀ? ብለን አልጠየቅንም። ጭንቀታችን ሁሉ ማን ቀድሞ ይተኩሳል የሚለው ነበር።

ጥያቄው የመጣብን ዘግይቶ፣ በአንድ አጭር ቪዲዮ ምክንያት ነው። በ2006 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ በተካሄደ ትልቅ የፈረስ ትርኢት ላይ ስቴሲ ዌስትፎል የምትባል ጋላቢ ዊዛርድስ ቤቢ ዶል በተባለች ባዝራ ላይ ተቀምጣ ትገባለች። ኮርቻ የለም። ልጓም የለም። ዛብ የለም። ባዝራዋ ሽምጥ ትጋልብና ድንገት በኋላ እግሮቿ ሸብረክ ብላ፣ አፈሩን እየሰነጠቀች ተንሸራታ ትቆማለች። በቆመችበት እንደ እንዝርት ትሾራለች። ወደ ኋላዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ ይጮኻል።

ፈረስን ዛብ ስቦ ማቆም ለእኛ ሀገር ሰው ብርቅ አይደለም፤ ጉግስ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የሚሳብ ነገር ሳይኖር የሚቆም ፈረስ ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ይህ ጥበብ ከየት መጣ ብለን መቆፈር ጀመርን። ስንቆፍር ያገኘነው የጉልበት ታሪክ ሳይሆን የጊዜ ታሪክ ነው። ፈረሱን ለመግራት ማን ስንት ዓመት ነበረው? ያንን ዓመትስ ማን ወሰደበት?

ላም ያስተማረችው ጥበብ

ጨዋታው ሬይኒንግ ይባላል፤ ስሙም ዛብ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የወጣ ነው። ፈረሰኛው ብቻውን ወደ ሜዳ ይገባና አስቀድሞ የታወቀ ቅደም ተከተል ይፈጽማል። ትልልቅና ፈጣን ክቦች፣ ትንንሽና ቀስ ያሉ ክቦች፣ ክቦቹ በሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ቀዳሚውን እግር መቀየር፣ ተንሸራቶ መቆም፣ በቆሙበት መሾር፣ ቆሞ ባለበት ተጠምዝዞ በመጡበት መጋለብ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መሄድ። ዳኞች ለሁሉም ፈረሰኛ ከ70 ነጥብ ይነሣሉ፤ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ እስከ አንድ ተኩል ነጥብ ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። 70 ማለት እንግዲህ «ደህና ነው፣ አላጠፋህም» እንደማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚያስገኘው ፍጥነት ብቻ አይደለም። ፈረሱ በፈቃዱ የሚመራ፣ የማይታገልና የማያንገራግር መስሎ መታየት አለበት።

እነዚህን እንቅስቃሴዎች የፈጠራቸው ዳኛ አይደለም። የፈጠረቻቸው ላም ናት። ከመንጋው ተነጥሎ አጥር አጥሩን የሚሮጥ ወይፈን ድንገት ቆሞ ወደመጣበት ሲመለስ፣ ፈረሱም አብሮት ቆሞ አብሮት መመለስ አለበት። መንጋ ውስጥ ሲገቡ በቀስታ፣ ያመለጠውን ሲከተሉ በፍጥነት ነው፤ ስለዚህ ፈረሱ ፍጥነቱን በትንሽ ምልክት መጨመርና መቀነስ መቻል አለበት። ወይፈኑ በገመድ ሲያዝም ፈረሱ ወደ ኋላ እየሄደ ገመዱን ካልወጠረው እረኛው አደጋ ላይ ነው። የእረኛው ቀኝ እጅ ገመድ ስለያዘ ለዛቡ የሚተርፈው አንድ እጅ ብቻ ነው። የሠለጠነ ፈረስ አፉን ሳይጎትቱት፣ ዛቡ አንገቱን በጎን ሲነካው ብቻ ወደ ሌላው ጎን የሚዞረው ከዚህ የተነሣ ነው። ዛሬም በውድድር ላይ ሙሉ ልጓም የገባለትን ፈረስ በሁለት እጅ የመራ ሰው ነጥቡ ዜሮ ይሆናል።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንዴት ነው የሚማረው? መሠረቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ፈረስ የሚማረው ሲጎትቱት ሳይሆን ሲለቁለት ነው። እግርህን ጎኑ ላይ ጫን ስታደርግ አንድ እርምጃ ከሄደ፣ በዚያችው ቅጽበት እግርህን ታነሣለህ። «አሃ፣ የተፈለገው ይህ ነበር» የሚለው ያን ጊዜ ነው። ከለቀቅህ የምትዘገይ ከሆነ ትምህርቱ ይጠፋል፤ ጭራሽ ካልለቀቅህ ደግሞ ፈረሱ መልስ መስጠት ትርጉም እንደሌለው ይማራል።

ተንሸራቶ መቆምም እንዲሁ በመጎተት አይመጣም። መጀመሪያ ጋላቢው ትንፋሹን ለቅቆ ወገቡን ወደ ኮርቻው ያሰምጣል። ቀጥሎ የማቆሚያዋን ቃል ይናገራል። ፈረሱ እነዚህን ሁለቱን ካልሰማ ብቻ እጅ ይነሣል። ፈረሱ እጁ ከመምጣቱ በፊት መቆምን ሲለምድ የኋላ እግሮቹን ከሆዱ ሥር አስገብቶ፣ የፊት እግሮቹን ነፃ አድርጎ ይንሸራተታል። የኋላ ጫማዎቹ ለዚሁ ተብለው ሰፊና ልሙጥ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ የሜዳውም አፈር ከላይ ልል፣ ከሥር ጠንካራ ነው። መሾርም የሚጀምረው በእርምጃ፣ በትንሽ ክብ ነው። ክቡ እየጠበበ፣ እየጠበበ ይሄድና የውስጠኛው የኋላ እግር ምሰሶ ይሆናል፤ የፊት እግሮቹ አንዱ በሌላው ፊት እየተሻገሩ ይዞራሉ። ፍጥነት የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው። ፍጥነትን ያስቀደመ ሰው የተጠላለፈ እግርና የፈራ ፈረስ ያተርፋል።

ባሕር የተሻገረ ልጓም

ታሪኩ የሚጀምረው ከአሜሪካ ሜዳ ሳይሆን ከሰሜን አፍሪካ ነው። ከ711 ጀምሮ ወደ ስፔን የተሻገሩት ሙስሊም ሠራዊቶች ከአውሮፓ ባላባቶች የተለየ አጋላለብ ነበራቸው። የአውሮፓው ባላባት በረጅም እርካብ እግሩን ዘርግቶ፣ ብረት ለብሶ፣ በትልቅ ፈረስ ላይ ወደ ፊት ብቻ ይወነጨፋል። የበርበር ፈረሰኞች ግን በአጭር እርካብ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ በቀላል ፈረስ እየተጠማዘዙ ወግተው ይሸሻሉ፤ ተመልሰውም ይወጋሉ። ስፔኖች በመቶ ዓመታት ጦርነት ውስጥ ይህን ዘዴ ከጠላታቸው ቀዱት። «ሂኔታ» ብለው የሰየሙት ዜናታ ከሚባለው የበርበር ነገድ ስም ተነሥተው ነው።

አብሮ የተቀዳውም ልጓም ነበር፤ የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ የብረት ቀለበት ያለው ዓይነት። የሀገራችንን ነባር ልጓም በእጁ ያገላበጠ ሰው ይህን ቀለበት ያውቀዋል፤ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ቃላትም ተሻግረዋል። ስፔኖች ብረት የሌለውን የፈረስ ማሰሪያ «ሐኪማ» የሚሉት ከዐረብኛ ወስደው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ካውቦዮች ኋላ ላይ ይህንኑ ቃል «ሃካሞር» አደረጉት።

የአሜሪካ ምድር የራሷን ፈረሶች ካጣች 10,000 ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር። በ1493 በኮሎምበስ ሁለተኛ ጉዞ ፈረስ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተመለሰ፤ በ1519 ደግሞ ኤርናን ኮርቴስ በ16 ፈረሶች ሜክሲኮ ገባ። ፈረስ የድል አድራጊው መሣሪያ ስለነበር የሀገሬው ሰው ፈረስ ላይ እንዳይወጣ ተከለከለ። ይሁን እንጂ ከብቱ በዛ፤ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ጌታው ደግሞ እረኝነት አይወድም። ስለዚህ ክልከላው ቀስ በቀስ ተሸረሸረና የተከለከለው ሰው ፈረስ ላይ ወጣ። «ቫኬሮ» የተባለው ይህ ሰው ነው፤ ትርጉሙም የላም ጠባቂ ማለት ነው። የዚህ ቅርስ ልጅ የሆነው የሜክሲኮ የፈረሰኞች ጨዋታ፣ ቻሬሪያ፣ በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከጨዋታዎቹ አንዱ «ካላ ደ ካባዮ» ይባላል። ፈረሱ ጋልቦ ይንሸራተትና ይቆማል፣ ወደ ሁለቱም ጎን ይሾራል፣ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሬይኒንግን ያየ ሰው ወንድሙን ለማወቅ አይቸገርም።

ጊዜ የነበረው ሰው

ጥበቡ ጫፍ የደረሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ከ1769 እስከ 1823 የፍራንሲስካን መነኮሳት በባሕር ዳርቻው 21 ሚሲዮኖች ተከሉ። ለከብቶቻቸው እረኛ ያደረጉት የአካባቢውን ነባር ሕዝቦች ነው። ይህን ስንጽፍ ማለስለስ አንፈልግም፤ በእነዚያ ሚሲዮኖች ውስጥ ብዙ ሕዝብ በበሽታና በግዳጅ ሥራ አልቋል። ዛሬ ዓለም «ክላሲክ» እያለ የሚያደንቀው አገራር ያደገው የራሳቸው ነፃነት በሌላቸው ሰዎች እጅ ጭምር ነው። ይህ ግጥምጥሞሽ ከአእምሯችን አልወጣም። ልጓም የገባላቸው ሰዎች ናቸው ለፈረስ የቀለለውን እጅ ያስለመዱት።

ሜክሲኮ በ1821 ነፃ ከወጣች በኋላ የካሊፎርኒያ ኑሮ በቆዳና በሞራ ንግድ ላይ ቆመ። መሬቱ ሰፊ፣ ገበያው ሩቅ፣ አየሩ ለስላሳ ነበር። ቫኬሮው የማይቸኩልበት በቂ ምክንያት ነበረው፤ ለፈረሱም ዓመታት ሰጠው።

አገራሩ ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ የፈረሱ አፍ ውስጥ ምንም አይገባም። አፍንጫው ላይ ከተገመደ ጠፍር የተሠራ «ቦሳል» የሚባል ቀለበት ይውላል፤ ዛቡም ከፈረስ ጸጉር የተፈተለ ገመድ ነው። ሻካራው ጸጉር አንገቱን ሲነካው ይሰማዋል። በዚህ ዘዴ ፈረሱ መቆምን፣ መዞርን፣ ወደ ኋላ መሄድን ሁሉ ይማራል። የፈረስ ቋሚ ጥርሶች ወጥተው የሚያልቁት በ5 ዓመቱ አካባቢ ስለሆነ፣ ጥርስ በሚያበቅል አፍ ውስጥ ብረት አለማስገባት ደግነትም ብልህነትም ነበር።

ሁለተኛው ደረጃ ባለ ሁለት ዛብ ነው። ቀጭን ቦሳል ከሥር፣ ልጓሙ ከላይ ይደረጋል። ፈረሱ ልጓሙን መጀመሪያ መሸከም ብቻ ይማራል፤ ምልክቱ የሚመጣው በለመደው በቦሳሉ ነው። ቀናት ወራት ሲሆኑ፣ ወራት ዓመት ሲሆኑ፣ ምልክቱ ቀስ እያለ ከአንዱ ዛብ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። በመጨረሻ ቦሳሉ ይወጣና ፈረሱ «ልጓም የገባለት» ይባላል። ይህ ማዕረግ ነው። ትምህርት ቤቱን ጨርሷል ማለት ነው።

የመጨረሻው ልጓም ምላስ ላይ የሚያርፍ፣ አካፋ የሚመስል ብረት ያለው ነው። ለማያውቅ ሰው የማሠቃያ መሣሪያ ይመስላል፤ በመጥፎ እጅ ላይም በእርግጥ ያው ነው። በቫኬሮው እጅ ላይ ግን ክብደቱ ራሱ ቋንቋ ነው። ጣት ስትንቀሳቀስ ብረቱ ገና ሳይነካው ፈረሱ ሰምቷል። ዛቡ ልል ሆኖ ይንጠለጠላል። ብረቱ ያን ያህል ኃይል ያለው ኃይሉ እንዳያስፈልግ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የራሳችንን አነጋገር ታዘብን። በአማርኛ «ልጓም ይበጅለት» ስንል «ይገደብ፣ ይታፈን» ማለታችን ነው። «ልጓም አልባ» ስንልም ስድብ ነው። ለቫኬሮው ግን ልጓም የመጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻው ነገር ነበር። ከመግባባት በፊት የሚመጣ ሳይሆን መግባባት ሲያልቅለት የሚሰጥ ነው።

የቸኮለው ዘመን

በ1848 አሜሪካ ካሊፎርኒያን ከሜክሲኮ ወሰደች። በዚያው ዓመት ወርቅ ተገኘ። ቀጥሎ የመጣው ሕዝብ የመሬት ወረቀት ጠያቂ ነበር፤ የጥንቶቹ ባለርስቶች በፍርድ ቤት ሙግት መሬታቸውን አጡ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ጎርፍና ድርቅ ተከታትለው መንጋውን ፈጁት። የቫኬሮው ሰፊ ሜዳ ጠበበ። ጥበቡ ግን አልሞተም፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኔቫዳና ወደ ምሥራቅ ኦሪገን ደረቅ ሜዳዎች ሸሸ። እዚያ ያሉ እረኞች ዛሬም «ባካሩ» ይባላሉ። ቫኬሮ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ምላስ ላይ ተሰባብሮ ነው።

የቴክሳሱ ካውቦይ ታሪክ ሌላ ነበር። ከ1867 ጀምሮ መንጋዎች ወደ ካንሳስ የባቡር ጣቢያዎች በብዛት ይነዱ ጀመር። ነጂው ወጣት ነው፤ ደመወዝተኛ ነው፤ ፈረሱ የአለቃው ነው። ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ፈረስ ይወጣል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሰብሮ ሥራ የሚጀምር ፈረስ ነው የሚፈልገው። «መስበር» የሚለው ቃል ራሱ ይናገራል። በእርግጥ ቴክሳስም ድንቅ ፈረሰኞችን አፍርታለች፤ ጨካኝ ሆነው ሳይሆን ቀን ስላልነበራቸው ነው የቸኮሉት። ፊልሙ ያሳየን ይህንኛውን ነው፤ የሚንፈራገጥ ፈረስ፣ የማይወድቅ ጎረምሳ።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለቱን ወንዞች በውድድር ሜዳ ላይ አገናኛቸው። የአሜሪካ የኳርተር ፈረስ ማኅበር በ1940 ተመሠረተ፤ በ1949 ሬይኒንግን ከጨዋታዎቹ አንዱ አድርጎ ተቀበለው። በ1952 ኤድ ኮኔል የተባለ ካሊፎርኒያዊ ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፍ የነበረውን የቦሳል አገራር በመጽሐፍ አሳተመ። በ1966 ኦሃዮ ውስጥ የሬይኒንግ ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት የተካሄደውን የመጀመሪያ ትልቅ ውድድር ዴል ዊልኪንሰን ፖኮሮቺ ቦ በተባለ ፈረስ አሸነፈ። ይህ ውድድር «ፊውቹሪቲ» ይባላል፤ የሚገባው የ3 ዓመት ፈረስ ብቻ ነው።

ታሪኩ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። 3 ዓመት! ቫኬሮው አፍ ውስጥ ብረት ሳያስገባ ገና በቦሳል በሚያለማምድበት ዕድሜ ማለት ነው። ለ3 ዓመቱ ውድድር ለመድረስ ፈረሱ በ2 ዓመቱ ኮርቻ ይለብሳል፤ ተንሸራቶ መቆሙንም፣ መሾሩንም በዚያው ጊዜ ይለማመዳል። የፈረስ አጥንት እስከ 5 እና 6 ዓመቱ ማደጉን አያቆምም። ልከኛ እንቅስቃሴ በለጋነት አጥንትን ያጠነክራል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ እኛም አንከራከራቸውም። ጭንቀታችን እንቅስቃሴው ላይ ሳይሆን ቀነ ቀጠሮው ላይ ነው። ሽልማቱ ትልቅ ነው፤ ባለቤቱ ገንዘቡን አፍስሷል፤ አሠልጣኙ ስሙን ይፈልጋል። ፈረሱ «ዛሬ አልገባኝም፣ ለነገ ይቆየኝ» ቢል የሚሰማው ማነው? «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ እናቶቻችን፤ የፈሰሰው የፈረስ ጉልበት ሲሆን ግን መልቀሚያ የለውም።

ይህን የተቃወሙት ከውጭ የመጡ ሰዎች አልነበሩም። ቶም ዶራንስና ወንድሙ ቢል ምሥራቅ ኦሪገን ውስጥ በከብት ርባታ ቤት ያደጉ፣ የባካሩን ሜዳ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። እነርሱና ተከታያቸው ሬይ ሀንት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያስተማሩት ቀላል ነገር ነበር፤ ፈረሱ ሲያጠፋ መጀመሪያ ጥያቄህን መርምር። ያልገባውን ነገር ነው ወይስ ያልፈለገውን? አብዛኛውን ጊዜ ያልገባው ነው። በሬይኒንግ አሠልጣኞች ውስጥም ይህን የሚያምኑ፣ የጎረምሳ ፈረስ ጉልበት የሚያሳሳቸው ብዙ ሰዎች አሉ። የካሊፎርኒያን መንገድ የተከተለው የከብት ፈረሶች ውድድርም እስከዛሬ ለቦሳል ራሱን የቻለ ምድብ፣ ለባለ ሁለት ዛብ ሌላ ምድብ፣ ልጓም ለገባለት ፈረስ ሌላ ምድብ አለው። ዓመታቱን በውድድር ደንብ ውስጥ አስቀምጦ አተረፋቸው።

ክቡ ሲገጥም

በ2000 የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ሬይኒንግን ከአባላቱ አንዱ አድርጎ ተቀበለው። ካውቦዩ ከአውሮፓ ጌቶች ጋር ተቀመጠ። በ2002 በዓለም የፈረስ ስፖርት ጨዋታዎች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳሊያ ተሰጠበት፤ የአሜሪካው ሾን ፍላሪዳ ሳን ጆ ፍሬክልስ በተባለ ፈረስ ወርቁን ወሰደ። ከተማዋ የት እንደነበረች ልብ በሉ፤ ሄሬዝ፣ አንዳሉሲያ፣ ስፔን። የዜናታ ፈረሰኞች ዘዴ መጀመሪያ የተተከለባት ምድር ናት። ከ500 ዓመት በኋላ ጥበቡ በኮፍያና በቡት ጫማ ተመልሶ ወደ አያቱ ቤት ገባ።

ዝምድናው ግን አልዘለቀም። ፌዴሬሽኑ ከአሜሪካ ማኅበራት ጋር ለዓመታት ተጨቃጨቀ፤ ከመጨቃጨቂያዎቹ ዋናዎቹ ፈረሱ በስንት ዓመቱ ይወዳደር የሚለውና የመድኃኒት ቁጥጥር ነበሩ። ስላልተስማሙ በ2021 መጨረሻ በተደረገ ጉባኤ ሬይኒንግ ከፌዴሬሽኑ ወጣ። ውድድሩ በማኅበራቱ ሥር እስከዛሬ ይቀጥላል፤ የ3 ዓመቱ ፊውቹሪቲም እንዲሁ። ከ200 ዓመት በፊት በካሊፎርኒያ ሜዳ ላይ የነበረው ጥያቄ በአውሮፓ የጉባኤ አዳራሽ ውስጥ ተመልሶ ተነሣ ማለት ነው፤ ለዚህ ፍጡር ስንት ዓመት እንስጠው?

ወደ ቪዲዮዋ እንመለስ። አሁን ስናያት የሚገርመን ልጓም አለመኖሩ ብቻ አይደለም። የሚገርመን ከዚያች ደቂቃ በፊት የነበሩት፣ ካሜራ ያልያዛቸው ቀናት ናቸው፤ ጋላቢዋ የጠየቀችባቸው፣ ባዝራዋ የተሳሳተችባቸው፣ እጅ የተለቀቀባቸው ጥዋቶች። ልጓሙን የማውለቅ መብት የሚገኘው በእነዚያ ቀናት ብዛት ነው።

ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ቆየ። ዛሬ ግን አንድ ካውቦይ ፊልም ሲከፈት ዓይናችን ሽጉጡ ላይ አይደለም። ዛቡን እናያለን፤ የተወጠረ ነው ወይስ የላላ? ከዚያ ፈረሰኛው ማን እንደሆነ እንናገራለን። እስካሁን ብዙም አልተሳሳትንም።